ባዶ እጅ የማይመልሰው ጀግና

ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው ወደ ቤታችን ሳይሆን ወደ ጎረቤታችን ነበር። የምንኖረው ለንደን፣ አርችዌይ በሚባል ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ የመንግሥት ኪራይ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ከበራችን ትይዩ ያለው በር የባ ነበር። «ባ» በጉጃራቲ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ እኔ ግን ለብዙ ዓመታት የተጸውዖ ስማቸው ይመስለኝ ነበር። ወላጆቻቸው ሕንዶች ናቸው፤ እርሳቸው ተወልደው ያደጉት ኡጋንዳ ነው። ሕንዶች ከዚያ ሲባረሩ ከባላቸውና ከአንድ ልጃቸው ጋር ለንደን ገቡ፤ ከዓመታት በኋላ ባላቸው ሞቱ፣ ልጃቸው አግብቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፣ እርሳቸው ብቻቸውን ቀሩ።

እማዬ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር። ሺፍቷ ከቀትር እስከ ምሽት ስለነበር ከትምህርት ቤት የሚቀበለኝ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ልጅን ለባዕድ፣ ለዚያውም የሌላ እምነት ሰው ለሆነ ባዕድ አምኖ መስጠት ለእርሷ ቀላል አልነበረም። ልቧን ያሳረፈው ምግቡ ነው። ባ ሥጋ አይበሉም፤ እንቁላል እንኳ ቤታቸው አይገባም። እማዬ ይህን ስትሰማ «ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙ ሴት ልጄን ክፉ አያስተምሯትም» አለች። በእርግጥ ወተትና ቅቤ ይበላሉ፤ በዐቢይ ጾም ግን ማንም ሳይነግራቸው የእኔን ምስር ያለ ቅቤ ለብቻ ይሠሩልኝ ጀመር፤ ከዚያ በኋላ እማዬ ስለ እርሳቸው የጠየቀችው ነገር የለም።

እማዬ እያልኩ የምጠራት በእውነቱ አክስቴ ናት፤ ስሟ ወይንሸት ነው። የወለደችኝ ታናሽ እህቷ ሰብለ ናት። አክስቴ ጥገኝነት ጠይቃ ወደዚህ አገር ስትመጣ እኔን በዓመት ከመንፈቄ ይዛኝ መጣች፤ አፌን የፈታሁት በእርሷ እጅ ስለነበር እማዬ አልኳት። ነገሩ ከእኔ ተደብቆ አያውቅም። ያኔ ሰብለ ለእኔ እሑድ እሑድ ከአዲስ አበባ በስልክ የምትመጣ ድምፅ ነበረች፤ ትምህርት እንዴት ነው ትለኛለች፣ ጥሩ ነው እላታለሁ፣ ስልኩን ለእማዬ እሰጣለሁ። ለምን ከእርሷ ጋር እንዳልቀረሁ ግን በቤታችን የሚነሳ ወሬ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በብርዱ ወራት ከትምህርት ቤት ስንወጣ ገና በአሥር ሰዓት ይጨልማል። ባ እጄን ይዘው ደረጃውን ያወጡኝና ካፖርቴን ሳላወልቅ ወደ ኩሽና ይገባሉ። ከማቀዝቀዣው አጠገብ፣ በግድግዳው ላይ ባለች መደርደሪያ፣ የአማልክቶቻቸው ሥዕሎች ተደርድረው ነበር፤ ከፊታቸው አንዲት መዳፍ የምታህል የናስ መብራት ነበረች። ባ ጥጥ በጣቶቻቸው ያከርሩና በቀለጠ ቅቤ ነክረው ይለኩሷታል። እርሷ እየነደደች የጣራውን መብራት አያበሩም ነበር። ያኔ የኩሽናው ግድግዳ ቢጫ ይሆናል፣ የተቃጠለ ጥጥና ቅቤ ሽታ ከምስሩ እንፋሎት ጋር ይቀላቀላል፣ ባ ደግሞ ለነገ የሚቀቀለውን ምስር በሰፊ ትሪ ላይ አፍስሰው እየለቀሙ ተረት ይጀምራሉ። እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ነበር፤ ቃል ሲጠፋቸው የጉጃራቲውን ወይም የስዋሂሊውን ይሞሉበትና ይቀጥላሉ፤ እኔም የገባኝን ይዤ እከተላለሁ።

ብዙ ጀግኖች ነበሯቸው። እኔ የወደድኩት ግን ካርናን ነው። አንዲት ያላገባች የንጉሥ ልጅ ከፀሐይ አምላክ ፀነሰች፤ የወለደችው ሕፃን ደረቱ ላይ የወርቅ ጥሩር፣ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ነበረው፤ እንደ ቆዳ ከሥጋው ጋር አብሮ የበቀለ። ያ ጥሩር እያለ ፍላጻም ጦርም አይገድለውም። ልጅቷ ግን ሐሜቱን ፈራች፤ ሕፃኑን በሣጥን አድርጋ ወንዝ ላይ ለቀቀችው። ከወንዙ ያወጣው አንድ ሰረገላ ነጂ ነው። ራዳ የምትባል ሚስቱ መካን ነበረች፤ ወስዳ አሳደገችው።

እዚህ ላይ ሲደርሱ «እኔም እንደ እርሱ ነኝ» አልኳቸው።

ባ ትሪውን አስቀመጡ። ያን ጊዜ ድረስ እማዬ የወለደችኝ ይመስላቸው ነበር። ነገሩን እንደማውቀው ነገርኳቸው። «ወንዙን ታስታውሺዋለሽ?» አሉኝ። ወንዝ ሳይሆን አውሮፕላን ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ምስሩን ወደ መልቀም ተመለሱ፤ ከዚያን ቀን በኋላ ግን ከሌሎቹ ጀግኖች ይልቅ ካርናን አዘውትረው ይነግሩኝ ጀመር።

ባ ጀግናቸውን አሳምረው ብቻ አይነግሩም ነበር። ካርና ቀስት በመወርወር ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ ነገር ግን በመሳፍንቱ ውድድር ላይ ሲቀርብ «የሰረገላ ነጂ ልጅ» ብለው ሳቁበት። ያን ቀን አንድ ልዑል ብቻ ተነሥቶ አከበረው፣ ወዳጁ አደረገው፣ ግዛትም ሰጠው። ያ ልዑል ክፉ ሰው ነበር፤ ካርና ግን በተዋረደበት ቀን ያከበረውን ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ አልከዳውም። ስህተት አይደለም ወይ ስላቸው፣ አዎ ስህተትም ነው ይሉኛል። ሰው ታማኝ ሆኖ ሊሳሳት እንደሚችል ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ባ እንዲገባኝ ብለውም አልተጨነቁም።

ከሁሉ በላይ የሚያወሩለት ግን ሰጪነቱን ነው። ካርና በየቀኑ ቀትር ላይ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ወደ ፀሐይ ይጸልያል፤ በዚያ ሰዓት የሚለምነውን ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ባዶ እጁን አይመልስም። ጠላቶቹ ይህን ያውቃሉ። ከአማልክት አንዱ የድሃ ካህን መልክ ይዞ መጣና ጥሩርህን ስጠኝ አለው። ካርና ለማኙ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ፀሐይ አባቱ አስቀድሞ አስጠንቅቆታል። ቢላዋ አወጣና ጥሩሩን ከገዛ ሥጋው ቆርጦ ሰጠው።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ፀጉሬን ስትሠራኝ በሳምንቱ የሰማሁትን በአማርኛ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ላይ የፀሐይ ልጅ ሲባል በስመአብ ብላ አማተበች፤ እንዲህ ያለውን ነገር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እንዳላወራ አስጠነቀቀችኝ። ማበጠሪያውን ግን አላቆመችም። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ እኔ ስረሳ እርሷ «ያ ልጅ እንዴት ሆነ?» ማለት ጀመረች። የጥሩሩን ታሪክ ስነግራት ተናደደች። ሞኝ ነው አለች፤ እያወቀ የሚታለል ምን ይባላል? በሚቀጥለው ሳምንት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ያንን ስታስብበት የከረመች ይመስል፣ «ሞኝ እንኳ አይደለም። ለማኙ አታለለው እንጂ እርሱ ቃሉን አላጠፈም» አለችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ሰብለ መጣች። እዚሁ የሚኖር ሐበሻ አግብታ ነበር፤ ስቶክዌል ገቡ። ኤርፖርት ልንቀበላት ስንሄድ የጠበቅኋት ትልቅ ሴት ነበረች፤ የመጣችው ግን እማዬ አጠገብ ስትቆም ልጅ የምትመስል፣ ቀጭን፣ የእኔን አፍንጫ የያዘች ሴት ናት። አቀፈችኝ፤ ምን እንደምላት ጠፋኝ። በስልክ እንደለመድኩት «ሰብልዬ» አልኳት፤ እርሷም «ወዬ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትመጣ ነበር። ለእኔ የሚሆን ነገር ሳትይዝ አትመጣም፤ ልብሱ ሁልጊዜ ይጠበኛል፣ በሐሳቧ ያለችው ልጅ ከእኔ ታንስ ነበርና። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ እሑድ፣ እኔ ሳሎን ቴሌቪዥን ሳይ፣ ኩሽና ውስጥ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ሰብለ ሁለተኛ መኝታ ቤት እንዳላቸው፣ በሰፈራቸው ጥሩ ትምህርት ቤት እንዳለ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከመጀመሬ በፊት ብትወስደኝ እንደሚሻል ትናገራለች። እማዬ ብዙ አልመለሰችም። መጨረሻ ላይ የሰማኋት «ልጅሽ ናት፤ አልከለክልሽም። ግን ትልቅ ልጅ ናት፤ እርሷን ጠይቂ» ስትል ነው።

ሰብለ ጠየቀችኝ። መልሱን ለሚቀጥለው እሑድ አልኳት። ያን ሳምንት እማዬ ሂጂም ቅሪም አላለችኝም። ስለ ትምህርት ቤት ትጠይቀኛለች፣ የቤት ሥራዬን ቼክ ታደርጋለች፣ ከዚያ ትተኛለች። አንድ ጠዋት ግን ልብሴን ስትተኩስ አየኋት፤ ለሳምንቱ የምለብሰውን ብቻ ሳይሆን የክረምትና የበጋውን ሁሉ አውጥታ ትተኩሰው ነበር፤ ለመንገድ እንደሚዘጋጅ ሰው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ለባ ነገርኳቸው፤ ቀጥዬም ካርና የወለደችውን እናቱን አግኝቷት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ያንን ክፍል እስከዚያ ቀን አልነገሩኝም ነበር፤ ሆን ብለው ይሁን አላውቅም። መብራቷን ለኮሱ፤ ያን ቀን ምስር አልለቀሙም።

ታላቁ ጦርነት ሊጀመር ሲል እናቱ ወንዝ ዳር መጣች አሉኝ። ካርና እየጸለየ ነበር፤ ፀሐዩ ከባድ ስለነበር በእርሱ ጥላ ሥር ቆማ ጠበቀችው። ሲጨርስ እኔ ነኝ የወለድኩህ አለችው። ልትወጋቸው የተሰለፍህባቸው ወንድሞችህ ናቸው፤ ወደ እኛ ና፣ ታላቃቸው ነህና ንጉሥ ትሆናለህ አለችው። ካርና ልቡ ተነካ፤ ግን እንዲህ ሲል መለሰላት፦ «የራዳ ልጅ ነኝ። ያሳደገችኝን እናት ክጄ፣ የተማመነብኝን ወዳጅ ጥዬ የሚገኝ ዙፋን አልፈልግም።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። የምፈልገውን ሰምቻለሁ፤ ጀግናው ቀረ፣ እኔም እቀራለሁ።

«ቁጭ በይ» አሉኝ ባ። «ገና አልጨረስኩም። ሰዓቱ ስንት ነበር?»

ቀትር ነው አልኳቸው።

«እና በቀትር የለመነውን ሰው ምን ያደርግ ነበር?»

ያኔ ገባኝ። እናቱም ለማኝ ነበረች። የለመነችውን እርሱን ራሱን ነው፤ ያንን መስጠት አልቻለም። ስለዚህ የሚችለውን ሰጣት። ከእርሱ ሌላ አምስት ልጆች ነበሯት፤ በጦርነቱ ከአንዱ፣ እንደ እኔ ቀስተኛ ከሆነው በቀር ሌሎቹን እጄ ውስጥ ቢገቡም አልገድልም፤ ከእርሱና ከእኔ ማንም ቢሞት አንቺ አምስት ልጆች ይኖሩሻል ብሎ ማለላት። ቃሉንም ጠበቀ፤ አራቱን በየተራ አሸንፎ ለቀቃቸው። በመጨረሻም የሰረገላው መንኮራኩር ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ሊያወጣው ሲታገል የሞተው እርሱ ነው። ባ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን አልለወጡም። ምን እንደማደርግም አልነገሩኝም፤ ለወለደችሽ እናት ምን ትሰጫለሽ ብለው ብቻ ጠየቁኝ፣ መልሱንም ለእርሳቸው እንዳልነግር አዘዙኝ።

እሑድ ሰብለ ስትመጣ ሻሽዋን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እማዬ ኩሽና ገብታ የታጠበ ዕቃ ደግማ ታጥባለች። ከእማዬ ጋር እንደምቀር ነገርኳት። ፊቷ ምንም አልሆነም፤ እጇ ብቻ የቦርሳዋን ማሰሪያ ጨበጠ። ቀጥዬ ቅዳሜና የቅዳሜን ሌሊት የእርሷ እንደሚሆን፣ ሁልጊዜ እንደምመጣ፣ ማንም ጓደኛዬ ልደት ቢኖረው እንኳ እንደማልቀር ነገርኳት። ይህን አስቤ የተዘጋጀሁበት ነው። ያልተዘጋጀሁበት የመጨረሻው ቃል ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ በልቤ ስለው ሰንብቼ አፌ ላይ ሲደርስ ከበደኝ።

«እሺ፣ እማ?» አልኳት።

እማዬ አይደለም፤ ያ ስም ባለቤት አለው። እማ ግን ማንም አልያዘውም ነበር። ሰብለ ውኃ እንዲሰጧት ጠየቀች። እማዬ ብርጭቆውን ይዛ መጣች፤ ሰብለ ቆማ ጠጣችው፤ ሁለቱ እህትማማቾች አልተያዩም። ከዚያ ሰብለ ቅዳሜ የትኛውን ባቡር እንደምንይዝ ጠየቀች። ከአርችዌይ ስቶክዌል ሳይቀየር በአንድ ባቡር ይደረሳል፤ እማዬ ይህን ነገረቻት፣ የሚሄደው የትኛው እንደሆነና የማይሄደው የትኛው እንደሆነም በዝርዝር አስረዳቻት። ያን ያህል ረጅም ንግግር በመካከላቸው ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ቅዳሜዎቹ ቀላል ነበሩ ማለት አልችልም፤ አንዳንዶቹ ያሰለቹኝ ነበር። ከእማ ጋር የምናወራው አልነበረንም። ሱቅ እንሄዳለን፣ ፊልም እናያለን፣ ፀጉሬን ልሥራልሽ ትልና እንደ እማዬ ስለማትችልበት ታሳምመኛለች። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ጓደኞቼ የሚሄዱበትን ሁሉ ትቼ ባቡር ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩባቸው ቅዳሜዎች ነበሩ። ቃል ግን ሰጥቼ ነበርና ሄድኩ። መስጠት አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ባ ስለ ጥሩሩ ሲነግሩኝ፣ ከሥጋው ከቆረጠው በኋላ በነበሩት ቀናት እንዴት እንዳደረ አልነገሩኝም፤ ሳይታመም አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ባ አቅም ስላነሳቸው ልጃቸው መጥቶ ወሰዳቸው። እማዬ አቅፋ ስታሰናብታቸው በአማርኛና በጉጃራቲ ይነጋገሩ ነበር፤ ሁለቱም የሌላዋን ቋንቋ አያውቁም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሞታቸውን ልጃቸው ደውሎ ነገረን። እማዬ በማግስቱ ለሥራ ጥቁር ለብሳ ወጣች።

አሁን እኔ ራሴ ሥራ የምሠራ፣ ከአርችዌይ ርቄ የምኖር ሴት ነኝ፤ ስቶክዌል ግን አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አምና አንድ ቀን ከእማ ጋር ነጭ ሽንኩርት እየላጥን ሳለ፣ ልጅ ሆኜ ባ ቤት ምን እሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ። ስለ ተረቶቹ ነገርኳት። አንዱን ንገሪኝ አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የካርናን ታሪክ ለእርሷ ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ ሊያማት ይችላል ብዬ ነው። ጀመርኩ፤ ሣጥኑን፣ ወንዙን፣ ራዳን፣ ጥሩሩን። እናቱ በቀትር የመጣችበት ቦታ ላይ ስደርስ ቢላዋዋን ሳታቆም ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ለምን ወንዝ ላይ እንደለቀቀችው ጠየቃት?»

አሰብኩ። ባ የነገሩኝን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በልቤ አሄድኩት። ወቅሷታል፤ ጠላት ያላደረገብኝን አደረግሽብኝ ብሏታል። መጠየቅ ግን አልጠየቃትም። ይህንኑ ነገርኳት።

«እኔንም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች፣ ቅሬታ በሌለበት ድምፅ፣ ዝናብ ጣለ እንደሚል ሰው።

ቢላዋዬን አስቀምጬ ጠየቅኋት። ነገረችኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆና ነው የወለደችኝ። አባቷ አንድ ዓመት ሙሉ አላናገራትም፤ ሲያናግራት ወይ ልጅቷ ወይ ትምህርቱ አላት። ወይንሸት ከአገር ለመውጣት ስትዘጋጅ ይህን ሰምታ «እኔ ልውሰዳት፤ አንቺ ተማሪ» አለቻት። እንደምትልከኝ እንጂ እንደምትለየኝ አላሰበችውም፤ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ይሆናል ብላ ነበር። በረራው የነበረው የመልቀቂያ ፈተናዋ ዕለት ጠዋት ነው። ኤርፖርት ብትመጣ ታለቅሳለች ተብሎ ወደ ፈተናው ሰደዷት። ጡት ያስጣለችኝ ለመንገዱ ስትል በዚያው ሳምንት ነበር። ወረቀቱ ላይ ስታጎነብስ ጡቷ ፈሰሰ፤ የደንብ ልብሷ ረጠበ። ፈታኙ አጠገቧ መጥቶ ምን እንዳፈሰሰች ጠየቃት፤ ውኃ ነው አለችው።

«ፈተናውን ግን አለፍኩ» አለች እማ። «በጥሩ ውጤት።»

ከባ ኩሽና የወሰድኩት ብዙ ነው። ቃል መጠበቅን፣ ያሳደገን አለመካድን፣ የሚለምንን ሰው ባዶ እጁን አለመመለስን ከዚያ ጀግና ተምሬያለሁ፤ እስከዛሬም አልጸጸትበትም። ነገር ግን እርሱ ሊጠይቅ የሚችልበት አንድ ቀትር ብቻ ነበረው፤ ከፊቱ ጦርነት ነበር። እኔ ብዙ ቅዳሜዎች ነበሩኝ፤ አሁንም አሉኝ። እማ ስለዚያ ጠዋት በየጊዜው አንድ የምትነግረኝ ነገር ይተርፋታል። ባለፈው ሳምንት ከፈተናው ወጥታ ሰማዩን ስታይ እንደቆየች ነገረችኝ፤ እኔን የያዘው የትኛው አውሮፕላን እንደሆነ መለየት ስላልቻለች ሁሉንም ነበር የሸኘችው።